በአራት የኮት ቁልፍ ያሰመጥነው ሙሽራ

ቆቦ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ልብስ የሰፋ ሰው ይኖር ይሆናል፤ በዚህ አልከራከርም። ጨዋታ በመምራት ግን የሚተካከለኝ አልነበረም፣ አሁንም የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራ ማለት የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማውራት ነው፤ እኔ የማወራው ያለኝን ነው።

የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲመጣ፣ ፈረንጆች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ እንዳለ ነገረኝ። አንዱ ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የሆነ ሰው ሆነው ይገባሉ፤ ያሰቡት ነገር ይሳካ አይሳካ የሚታወቀው ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር በመጣል ነው። መሪው ደንቡን የሚያይበት ወፍራም መጽሐፍ አለው አለኝ።

«መጽሐፍ?» አልኩት።

«አዎ፣ አባባ። ብዙ መጽሐፍ ያላቸውም አሉ።»

ሳቄ መጣ። እኔ በደርግ ጊዜ ያለ መጽሐፍና ያለ ጠረጴዛ፣ በቁራጭ ካኪ፣ በአራት የኮት ቁልፍና በልብስ ሰፊ ጠመኔ ስመራው የኖርኩትን ነገር ነው ፈረንጅ በመጽሐፍ የሚመራው። ማን እንደቀደመ አላውቅም። ቀድመውኝ ከሆነም አልነገሩኝም።

ማንበብንም ቢሆን ማንም አላስተማረኝም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያገላበጥኩ በራሴ ነው የለየሁት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጥቶ አስተማሪዋ «ሀ» ስትለኝ፣ እኔ የያዘችውን ደብተር ሽፋን ከላይ እስከ ታች አንብቤ ጨርሼ ነበር። ልብስ መስፋትም እንደዚሁ ነው፤ አንድ አሮጌ ኮት ፈትቼ መልሼ ገጠምኩና ሰፊ ሆንኩ። ጨዋታውም የመጣው ከሱቄ በረንዳ ላይ ነው።

ሱቄ ዋናው አስፋልት ዳር ነበረች። ሰው ሱሪውን ይዞ ይመጣና «እዚሁ ልጠብቅ» ይላል። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ «አልደረሰም?» ማለቱን አይተውም። አንድ ቀን አንዱ ሲነዘንዘኝ፣ እጄ ከሥራው ሳይነሳ፣ «እስቲ አሁን አንተ ሦስት ግመል ጨው ጭነህ ከአፋር የምትወጣ ነጋዴ ነህ እንበል፤ መንገዱ ለሁለት ተከፈለብህ። በየትኛው ትሄዳለህ?» አልኩት። ሰውየው አሰበ። «በግራው» አለ። «በግራው ስትሄድ አንድ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ተኝቶ አገኘህ። ምን ታደርጋለህ?» ሱሪው አልቆ ተጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ካስቀመጥኩለት በኋላም አልተነሳም። ያን ቀን አንድ ነገር እንደፈጠርኩ ገባኝ።

እየቆየ ጨዋታው ቋሚ ሰዎች አገኘ። ገበያው ሲበተን በረንዳዬ ላይ ይሰበሰባሉ። ካኪውን መሬት ላይ እዘረጋና ተራራውን፣ ወንዙን፣ የውሃ ጉድጓዱን በጠመኔ እስላለሁ። ሲያልቅ አራግፈዋለሁ፤ ለሌላ ቀን ሌላ አገር። የሚጣሉት ቁልፎች ከአሮጌ ካፖርት የወጡ ትልልቅ ቁልፎች ናቸው፤ ፊታቸው ያበራል፣ ጀርባቸው ደብዛዛ ነው። አንድ ሰው አስቸጋሪ ነገር ሲሞክር አራቱን ይጥላል። ፊት የሆኑት በበዙ ቁጥር ይቀናዋል። አራቱም ጀርባ ከሆኑ «ባዶ» እንለዋለን፤ ባዶ በውሃ ወይም በገደል ላይ ከወጣ ሞት ነው። እንዲያም ሆኖ አብሮት ያለ አንድ ጓደኛ ሊደርስለት ይችላል፤ እሱም በተራው ይጥላል። ከዚያ ወዲያ ልመና የለም።

ዋናው ደንቤ ግን ማንም ራሱን ሆኖ አይጫወትም የሚል ነበር። ነጋዴ ነጋዴ ከሆነ ስለ ገበያው ያወራል፣ ገበሬ ገበሬ ከሆነ ስለ ዝናቡ ያማርራል። ሌላ ሰው ሲሆን ነው ሰው የሚፈታው። ስለዚህ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ በር የሚሞላ ግዙፍ፣ ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት የነጣ፣ በእኔ ጨዋታ ሀብታም ባልቴት ነበር። «አሽከሮቼ የት ሄዱ? ጥላ ያዙልኝ እንጂ!» ሲል መንገደኛው ቆሞ ያያል። ከጎኔ ሻይ ቤት የነበራት ሴትዮ ደግሞ በዕድሜዋ ከጎረቤቷ ከተማ ከጎብዬ አልፋ አታውቅም፤ ጨዋታው ውስጥ ግን ጠመንጃ ያነገበ የመንገድ መሪ ሆነች፣ የሚያስፈራት ተራራ አልነበረም። ሦስተኛው ጨው ነጋዴ ወዳጄ ነው። እሱ ሙስሊም ነው፤ ከደጋ የወረደ ቄስ አደረግኩት። ቅስናውን በጣም ይወደው ስለነበር ከሩቅ ሲመጣ ገና ማሳለም ይጀምራል። ሲናደድ ብቻ ያመልጠዋል።

«ወላሂ አላልፍም!» ይላል።

«ኧረ አባ፣ ወላሂ አሉ!» ትላለች ባለሻይዋ። «ይኼ ቄስ ጥምቀቱ አጠራጣሪ ነው።»

የአብዮት ጥበቃው አንድ ቀን መጥቶ ቆመብን። «ይኼ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው? አጀንዳችሁ ምንድን ነው?» አለ። ባለሻይዋ ቀና ብላ፣ «አጀንዳችን ወንዝ መሻገር ነው። ጠመንጃህን አስደግፍና ግባ፣ ሰው ጎድሎናል» አለችው። አልገባም። ነገር ግን ግድግዳውን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ሲሄድ «ያቺን በቅሎ ባትሸጧት ይሻል ነበር» ብሎን ሄደ።

ሰዎች የመሪ ሥራ ማውራት ይመስላቸዋል። አይደለም፤ መጠየቅ ነው። «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ከዚያ ዝም ማለት። ሰው ዝምታን አይችልም፣ ይሞላዋል። ከእኔ የተሻለ ነገር ሲናገሩ ደግሞ ያንን እቀበልና ከመጀመሪያም እንዳሰብኩት አድርጌ እቀጥላለሁ። ከእኔ የተሻለ የሚናገሩት ግን በስንት ጊዜ አንዴ ነው።

አሁን ወደ ሙሽራው ልምጣ። ጨው ነጋዴው ወዳጄ ከቆቦ በስተሰሜን ዋጃ አካባቢ አንዲት ልጅ አይቶ፣ ሽማግሌ ሲልክ ሲመለስበት፣ ሲልክ ሲመለስበት ከርሞ፣ በመጨረሻ አባቷ እሺ አሉት። አባትየው «አይሆንም» ካሉ አገር የማይመልሳቸው፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ኒካሁ ለመስከረም ተቀጠረ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ወዳጄ በረንዳዬ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠና፣ «ዛሬ ቄስ አልሆንም» አለ። «ዛሬ ራሴን ነኝ። ግመሎቼን ይዤ ሙሽራዬን ላመጣ ነው የምሄደው።»

«ደንብ አለን» አልኩ።

«ደንብህን ቀቅለህ ብላው!» አለች ባለሻይዋ። «ሙሽራ ነው እኮ! አንድ ቀን ቢለቀቅ ምን ይሆናል?»

የወፍጮው ሰውዬም አገዛት። ደንቡ ትክክል ነበር፤ ያፈረሱት እነሱ ናቸው። እኔ የሰው ልብ መስበር ስለማልወድ እሺ አልኩ።

ካኪው ላይ ከዋጃ ወዲህ ያለውን የክረምት ወንዝ ሳልኩት። አገራችንን የማያውቅ ሰው እንዲገባው፣ የራያ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። እዚህ ፀሐይ እየወጣ ወደ ምዕራብ ተራራው ላይ ከዘነበ ግን፣ ሳይታሰብ ግንድ የሚያንከባልል ጎርፍ ይመጣል።

«ግመሎችህ ከዳር ደረሱ» አልኩት። «አሸዋው ደረቅ ነው። በአንተ በኩል ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ተራራው ላይ ግን ጠቁሯል። ምን ታደርጋለህ?»

«እሻገራለሁ! ሠርጌ ነው!»

«መሃል ስትደርስ ወፎቹ ዝም አሉ።»

ይህን ብዬ እኔም ዝም አልኩ። እግሬን የስፌት መኪናዬ ፔዳል ላይ አሳርፌ ቀስ ብዬ መርገጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚሰማ አይመስልም ነበር። ከዚያ እየጨመርኩ፣ እየጨመርኩ ሄድኩ፤ በረንዳው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወዳጄ ወደ ምዕራብ ዞሮ አየ። ወደ ካኪው አይደለም፤ እውነተኛውን ምዕራብ ነው ያየው። እንዲህ ነው የሚመራው!

ቁልፎቹን ጣለ። ባዶ።

ባለሻይዋ የመንገድ መሪዋ ናትና «ገመድ ወረወርኩለት!» ብላ ጮኸች። ጣለች። አንዱ ብቻ ፊት ሆነ፤ አይበቃም። መኪናውን አቆምኩ። «ውሃው አለፈ» አልኩ። «ግመሎቹ ከማዶ ናቸው። እሱ የለም።»

በእኛ ጨዋታ የሞተ ሰው ሳይለቀስለት አይቀርም፤ ለቅሶው ከጨዋታው የባሰ የሚጣፍጥበት ቀን ነበር። ባለሻይዋ ነጠላዋን አደገደገችና ደረቷን እየመታች ሙሾ አወረደች፦

ግመሉ ተሻግሮ ጌታውን ቢያጣው፣
ዳር ላይ ቆሞ ቀረ ውሃውን ሊጠጣው።

ሟቹ ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ይቺን ለእውነተኛው ሞቴ አስቀምጪልኝ» አላት።

በዚያ ሁሉ መሃል፣ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ የደረሰ አንድ አፋር ሽርጡን እንድዘመዝምለት ሰጥቶኝ በረንዳው ዳር ተቀምጦ ነበር። አማርኛ ይሰማል፣ ብዙ አይናገርም። ጨው ነጋዴውን በስም ያውቀዋል እንጂ በመልክ አያውቀውም። ሙሾው ሲወርድ ተነሳ፣ ሽርጡን ተቀበለኝ፣ ዱአ እንደሚያደርግ ሰው በእጁ ፊቱን ዳሰሰና ሄደ። ጨዋታዬ የነካው መስሎኝ ደስ አለኝ። ነክቶታልም።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ ይቀመጣሉ፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ። ያየውን ያላየ፣ ያላየውን ያየ አድርጎ የተናገረ ሰው ከዚያ በኋላ አብሮት የሚቀመጥ አያገኝም። ይኼ ሰውዬም ወደ አገሩ ወርዶ የሰማውን አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ ተናገረ፦ የዋጃው አማች፣ ጨው ነጋዴው፣ ግመሎቹ ተሻግረው እሱን ውሃ ወሰደው፤ ቆቦ ላይ ሲለቀስለት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወሬው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ዋጃ ገባ።

በዚያ ዘመን ሞትን ለማመን ማንም ማስረጃ አይጠይቅም ነበር። ወጣት ከቤቱ ወጥቶ በሚቀርበት ጊዜ፣ ጎርፍ ወሰደው ማለት እንዲያውም እንደ ደህና ሞት ይቆጠር ነበር። «አለሁ» ብሎ የሚታይ እንዳይሆን ደግሞ፣ ወዳጄ በማግስቱ ለሙሽራዋ ጨርቅ ሊገዛ ወልድያ ሄዶ ነበር። ወታደር የሚያልፍበት ቀን ሆኖ ኬላው ተዘጋ፣ መኪና ቆመ፣ እሱም እዚያው ቀረ።

እኛ የሰማነው ከወፍጮ ቤቱ ነው። ሰውዬው ዱቄቱን እያዘነበ ሲሮጥ መጣ።

«ኧረ ጉድ ነው! ከዋጃ የመጡ ሴቶች እህል እያስፈጩ ነው፤ ለማን ነው ብላቸው የሙት ሰደቃ ነው አሉኝ። የማን ሰደቃ? ጎርፍ ለወሰደው ሙሽራ!»

«የትኛው ሙሽራ?» አልኩ።

«የገደልከው ነዋ!»

ወዳጄ ኬላው ተከፍቶለት ሲመለስ፣ ጨርቁን በብብቱ ይዞ፣ እየሳቀ መጀመሪያ ሻይ ቤቱ ገባ። ሴትዮዋ የያዘችው ብርጭቆ አመለጣት።

«አንተ! ሞተሃል እኮ!»

«የት?»

«ዋጃ!»

ሻዩን ሳይጠጣ ወጥቶ ዋጃ ሄደ። ያንኑ ቀን ተመለሰ። ፊቱን ሳየው ማውራት አላስፈለገውም። አባትየው በር ላይ ነው ያቆሙት። «ሰደቃህን አብልቻለሁ» አሉት። «ያለቀስኩለትን ሰው በበሬ አላስገባም። ቤት ሲጀመር በሞት የተጀመረ ቤት አይጸናም። ወሬውን ያወጣው አፋር አለ፣ ለአፋሩ የነገረው ሰው ደግሞ ይምጣና ልየው።» አፋሩም ከሁሉ የባሰ ችግር ላይ ነበር፤ የሞተ ያለው ሰው በእግሩ ሲሄድ ስለታየ፣ ወገኖቹ ዳጉ አብረውት መቀመጥ ትተዋል።

«አያ» አለኝ ወዳጄ፣ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ። «ይቺን ልጅ ካጣኋት ሌላ አላገባም። በአንተ ቁልፍ ነው የማጣት።»

«አብሽር» አልኩት። «ያሰመጠህ ያወጣሃል።»

በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ሄድን፤ እኔ፣ ወዳጄ፣ ባለሻይዋና የወፍጮው ሰውዬ። ካኪዬን፣ ጠመኔዬንና ቁልፎቼን ይዣለሁ። አባትየው ከግቢያቸው ዛፍ ሥር ከሽማግሎች ጋር ተቀምጠዋል። አፋሩም ተጠርቶ ከዳር ተቀምጧል፣ ማንም አያየውም። ሰላምታችንን ተቀበሉን፤ ተቀመጡ ግን አላሉንም።

«አንተ ነህ?» አሉኝ አባትየው።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ቀላል ሰው ነው የምትመስለው። እንዴት ሰው ገደልክ?»

«ጨዋታ ነው፣ አባባ። ማንም አልሞተም።»

«ሞትን ነው የምትጫወቱት?» ወደ አፋሩ ዞሩ። «አንተስ? ጨዋታና እውነት አትለይም?»

አፋሩ ጭንቅላቱን ቀና አደረገ። «የሰማሁትን ነው የተናገርኩት» አለ። «ይኼ ሰው ውሃው መጣ አለ። ውሃውን እኔም አየሁት።»

በዕድሜዬ ብዙ ምስጋና ሰምቻለሁ። እንደዚህ ያለ ግን አልሰማሁም። ጊዜው የመኩሪያ አልነበረምና ዋጥኩት።

ካኪውን ዘረጋሁ፣ ቁልፎቹን አወጣሁ። አባትየው ብድግ አሉ። «ቁማር ነው! ሐራም ነው፣ ከግቢዬ አውጡልኝ!»

«ወላሂ አባባ» አለ የወፍጮው ሰውዬ፣ «በዚህ ጨዋታ ማንም ማንንም አይበላም። እኔ ከዚህ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር የሚስቴ ቁጣ ነው።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። ያቺን ሳቅ አላሳለፍኳትም። «አባባ» አልኩ፣ «ፍርድዎን እቀበላለሁ። ነገር ግን ሳያዩት የፈረዱበትን ነገር ሰው ምን ይለዋል? አንድ ጊዜ ይቀመጡና እርስዎ ራስዎ ይሻገሩ። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይበሉ።»

ወንዝ መሻገር አያውቁም የተባሉ ያህል ቆጠሩት። ተቀመጡ።

እንግዲህ ደንቤን ወደ ቦታው መለስኩ፤ ማንም ራሱን አይሆንም። አባትየውን «እርስዎ ጨው ነጋዴው ነዎት፣ ሙሽራው» አልኳቸው። ወዳጄን «አንተ የልጅቷ አባት ነህ፣ ከማዶ ቤትህ ውስጥ ነህ» አልኩት። አፋሩን ጠርቼ ከአባትየው ጎን አስቀመጥኩትና «አንተ የመንገድ ጓደኛው ነህ» አልኩት። የስፌት መኪናዬ የለም፤ ድምፄ ብቻ ነው።

ወንዙ ዳር አደረስኳቸው። «ምን ያደርጋሉ?»

«ተራራው ጠቁሯል?»

«ጠቁሯል።»

«አልሻገርም። እቀመጣለሁ።»

«ከማዶ የሠርጉ ከበሮ ይሰማል።»

«ይሰማ። ከበሮ ውሃ አያቆምም።» ሽማግሎቹ ሳቁ። «ይኼ ሁሉ የጎረምሳ ችኮላ ነው፤ የእኔ ልጅ ቢሆን እዚሁ ቁጭ ይላል።»

ጎርፉ መጣ፤ አባትየው ዳር ተቀምጠው አዩት። ጨዋታዬ ሊከሽፍ ነበር። ሌላ መሪ ቢሆን እዚያ ላይ ያልቅለት ነበር። እኔ ግን ተጫዋች እንቢ ባለበት ቦታ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ።

«ሲቀመጡ ጊዜው ሄደ» አልኳቸው። «ከማዶ ከበሮው ቆመ። ከዚያ ሌላ ድምፅ ተሰማ። ለቅሶ ነው።»

«የማን ለቅሶ?»

«የእርስዎ። ሙሽራው ውሃ ወሰደው ብሎ ሰው ነግሯቸዋል።»

አባትየው ወደ ማዶ አዩ። እኔም ዝም አልኩ።

«አለሁ ብዬ እጣራለሁ» አሉ ቆይተው።

«ውሃው ይጮሃል፣ አይሰሙዎትም።»

ተነስተው ቆሙ። «አለሁ!» ብለው ጮኹ፣ በእውነተኛ ድምፃቸው፤ ከግቢው ማዶ ማሽላ የሚጠብቁ ሰዎች ዞር ብለው አዩ። «አለሁ በሏቸው! እዚህ ነኝ!»

«አልሰሙም። ሰደቃው እየታረደ ነው።»

«ታዲያ እሻገራለኋ!» አሉና ቁልፎቹን ከእጄ ነጠቁ። ጣሉ።

አራቱም ጀርባ።

ባለሻይዋ ከኋላዬ «ወይኔ» ስትል ሰማሁ። ወዳጄ ካኪውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። በእጄ አንዱን ቁልፍ ብነካካው፣ ወይም «አሁን አይቆጠርም» ብል ማን ይከለክለኛል? ነገር ግን ያን ባደርግ ስመራ የኖርኩት ሁሉ ያን ጊዜ ባለቀለት ነበር፤ መሪው ውሃውን የሚያቆምለት ሰው ካለ ውሃው ውሃ አይደለም። እነዚያ ሽማግሎችም ያውቁብኝ ነበር።

«ባዶ ነው፣ አባባ» አልኩ። «ውሃው ወሰደዎት።»

ያን ጊዜ አፋሩ ካኪው ላይ እጁን ዘረጋ። «እኔስ?» አለ። «እኔ አብሬው ነኝ አላልክም? ምን ታደርጋለህ አልጠየቅከኝም።»

«ምን ታደርጋለህ?»

«ሽርጤን ፈትቼ እወረውርለታለሁ። ጫፉን ይያዝ።»

ቁልፎቹን ሰበሰበ፣ በሁለት እጁ አናወጣቸው፣ ጣለ። ሦስቱ አበሩ።

ሽማግሎቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። የወፍጮው ሰውዬ አፋሩን አቅፎ ከመሬት አነሳው። አባትየው ግን አልሳቁም፤ ግንባራቸውን ጠረጉና «ከዚያስ?» አሉኝ። «ወጣሁ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ደረሱ።»

«እሺ፣ አንኳኳለሁ።»

ወዳጄን አየሁት። እሱ የቤቱ ጌታ ነው። ተራው ደርሷል፤ ምን እንደሚል አልነገርኩትም፣ መሪ ለተጫዋች አይናገርለትም። ጉሮሮውን ጠረገና በአባትየው ድምፅ፣ አገጩን እንደእሳቸው ወደ ላይ አድርጎ፣ «ማነህ?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ አማችህ።»

«ሰደቃህን አብልቻለሁ። ያለቀስኩለትን ሰው በበሬ አላስገባም።»

«ምን?» አባትየው በርበሬ መሰሉ። «ለማን ነው የምትለው? ስትጮሁልኝ ከማዶ ቆሜ ስሰማ የነበርኩ ሰው ነኝ! ከጎርፍ ወጥቼ፣ ልብሴ ሳይደርቅ፣ አንተ በር ላይ ታቆመኛለህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ? ማልቀስህ ለእኔ ካልሆነ ለማን ነበር?»

ዝም ማለት የምችለውን ያህል ዝም አልኩ። ወዳጄም አንገቱን ደፋ።

የአባትየው እጅ ወደ እሱ እንደተዘረጋ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብለው መለሱት። ሽማግሎቹን አዩ፣ አፋሩን አዩ። ወደ ቤቱ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ለሙሽራው ውሃ አምጡለት፣ እጁን ይታጠብ» አሉ። «እሱም ይግባ። ከውሃው ያወጣውም አብሮት ይግባ።»

ኒካሁ በቀጠሮው ታሰረ። አፋሩ ያን ቀን በዓይኑ ያየውን ይዞ ወርዶ ዳጉው ተመልሶለት ነበርና፣ ለሠርጉ የመጡት ወገኖቹ ከቆቦ ሰው ይበዙ ነበር። አባትየው ግን አንድ ነገር ሳይጠይቁኝ አልተዉኝም። ድግሱ መሃል አስጠርተውኝ፣ ከጎናቸው አስቀመጡኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ያን ቀን ውሃው እስኪጎድል ዳር ቁጭ ብል ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» አሉኝ።

«እኔ እያለሁ አይቀመጡም ነበር፣ አባባ» አልኳቸው። እውነቴን ነው።